የሕዝብ ቤት ግድግዳና ሥዕሉ

ቤት የሚሠራው ለመጠለያ ብቻ እንዳይደለ አባቶቻችን ያውቁ ነበር። ስለዚህም ማንበብ ያልተማረው ምእመን የቅዱሳንን ታሪክ በዓይኑ አይቶ እንዲረዳ የቤተ ክርስቲያኑን ግድግዳ በሥዕል አስጌጡት። በጎንደር የደብረ ብርሃን ሥላሴን ጣራ የመሉትን የመላእክት ፊቶች ለማየት ዛሬም ከሩቅ አገር የሚመጣው ሰው ብዙ ነው።

ለዕለት አገልግሎት የሠራናቸውን ቤቶች ስንመለከት ግን ነገሩ ሌላ ነው። የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ቤትና የውኃ መግፊያው ቤት ለሁላችን ይሠራሉ፤ ግድግዳቸው ግን የማስታወቂያ ወረቀት መለጠፊያ፥ ይባስ ብሎም የአላፊ አግዳሚው መሽኛ ሆኖ ይታያል። ሰው ባለቤት የሌለው የመሰለውን ነገር አያከብርምና።

በአውስትራልያ የብሪዝበን ማዘጋጃ ቤት ይህን የመሰለ ችግር ስለ ነበረበት፥ በኤውሮፓ አቈጣጠር ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮ በመንገድ ዳር በቆሙት የትራፊክ መብራት መቈጣጠሪያ ሣጥኖች ላይ ፈቃደኞች ሥዕል እንዲሥሉባቸው አደረገ። ሥራውም በዘፈቀደ የሚደረግ አይደለም፤ ፈቃደኛው አስቀድሞ ንድፉን ያቀርባል፥ ሲፈቀድለትም ይሥላል። ማንም እየጫረ ያበላሸው የነበረው ሣጥን እንዲህ ሆኖ የሠፈር ጌጥ ሆነ።

በዚያው አገር በቪክቶሪያ ግዛት ብሪም የምትባል ትንሽ የገበሬዎች መንደር አለች። በ1939 ዓ.ም. የተሠራው የእህል ጎተራዋ ሥራ ፈትቶ ቆሞ ሳለ፥ ጊዶ ቫን ሄልተን የተባለ ሠዓሊ 30 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ግድግዳ ላይ የአራት ሰዎችን መልክ ሥሎ በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ፈጸመ። የተሣሉት የዚያው ገጠር ሰዎች ናቸው እንጂ አገረ ገዥ ወይም መኰንን አይደሉም። ሥዕሉን ለማየት መንገደኛ ስለ ጐረፈ ሌሎች መንደሮችም ምሳሌዋን ተከተሉ፤ ዛሬ 200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን የጎተራ ሥዕሎች መጐብኛ መንገድ አለ።

ይህን ሥራ እኛም ብንጀምረው መልካም ነው እንላለን። ነገር ግን ሦስት ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

አንደኛ፥ ሕዝብ የሚፈልገው ውኃና መብራት እንጂ ቀለም አይደለም የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። ውኃ መስጠት ያቋረጠ መግፊያ ቤት በአበባ ሥዕል ቢሸፈን ለተጠማው ሰው ስድብ ነው። ስለዚህ ቀለሙ ከአገልግሎቱ በኋላ ይምጣ።

ሁለተኛ፥ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ጣራ አለው፤ በአደባባይ ያለውን ግን ፀሐይና ዝናም ይፈራረቁበታል። ለማሣያው ገንዘብ የሚመድብ መሥሪያ ቤት ለማደሻውም ይመድብ። የተላጠ ሥዕል ካልተቀባ ግድግዳ ይልቅ ያሳፍራልና። ቅዱሳት ሥዕላት ግን አቧራና ጭቃ በሚረጭበት ስፍራ ባይሣሉ ይሻላል፤ የተገባ ስፍራ አላቸው።

ሦስተኛውና ዋነኛው፥ የማን መልክ ይሣል የሚለው ነው። ሹም የራሱን ወይም የአለቃውን መልክ ለማሣል እንዳይቸኵል አደራ እንላለን። ግድግዳው የቆመው በሕዝብ ገንዘብ ነው። በጥንቱ አብያተ ክርስቲያናት ሥዕሉን ያሠራው ሰው ምንም ታላቅ መኰንን ቢሆን፥ በእመቤታችን ሥዕል ግርጌ በግንባሩ ተደፍቶ ሲሣል እናያለን። ሊቃውንቱም ይህን ያውቁታል። አባቶቻችን ለአሠሪ የሰጡት ስፍራ ይህ ከሆነ፥ የዛሬው አሠሪ ከዚህ የበለጠ ስፍራ ሊሻ አይገባውም። ይልቅስ ምሰሶ ላይ ወጥቶ ሽቦ የሚቀጥለው ሠራተኛ፥ እንስራ ያዘለችው እናት፥ ሕፃናቱን ፊደል የሚያስቈጥሩት የኔታ ይሣሉ። ንድፉንም የሠፈሩ ሽማግሌዎችና ተማሪዎች አይተው ይስማሙበት።

የሚመለከታቸው ሹማምንት በየሠፈሩ አገልግሎቱ ያልተጓደለበትን አንድ ቤት መርጠው ቢጀምሩ ወጪው ብዙ አይሆንም። ሕዝቡ የራሱን መልክ ያየበትን ግድግዳ ራሱ ይጠብቀዋል።