«ካርዱ ኋላ ይደርሳል» ላሉን

«ለጌም ኮምፒውተር መጀመሪያ ጠንካራ ፕሮሰሰር ግዙ፤ ግራፊክስ ካርዱ ኋላ ይደርሳል» የሚለውን ጽሑፍ መቱ ላይ ሆኜ አነበብኩት። ጸሐፊው መርካቶ በእግር የሚደርሱ ሰው ሳይሆኑ አይቀሩም። ለእኛ ያ «ኋላ» ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይርቃል። ላም አለኝ በሰማይ!

የ3ኛ ትውልድ ኮር አይ7 ያለው ያገለገለ የቢሮ ዴል፣ ካርድ ከሌለው፣ ጂቲኤ 5ን በዝቅተኛ ጥራት እየተንፏቀቀ ነው የሚያስኬደው። አይ5ቱን ገዝታችሁ የተረፈውን ብር ለ4 ጊጋው ጂቲኤክስ 1650 አውሉት። 75 ዋት ስለሚበቃው ብዙ ሞዴሎቹ ከማዘርቦርዱ ብቻ ይመገባሉ፤ የቢሮ ኮምፒውተር ደካማ ፓወር ሰፕላይ የሚችለውም ይህንኑ ነው። ኬዙ ቀጭኑ ከሆነ ግን አጭሩን ካርድ ጠይቁ፤ አለዚያ ክዳኑ አይገጥምም። (እኔ ሁለት ሳምንት ክፍቱን ተጫውቻለሁ። ጉንዳኖቹ ወደውት ነበር።)

ለካርድ ብር ካልተረፈ ራይዘን 5 5600ጂ አለ፤ ግራፊክሱ እዚያው ውስጡ ነው። ብቻ አንድ ባለ 16 ጊጋ ራም ሳይሆን ሁለት ባለ 8 ሰኩለት። ግራፊክሱ የሚሠራው ከራሙ ተበድሮ ስለሆነ በአንድ ራም ፍጥነቱ በግልጽ ይወርዳል። ጸሐፊው ይህን በአንድ መስመር እንኳ አልነኩትም።