ልጅ ከጆንያ በላይ

የታኅሣሥ 29 በዓል ሲቃረብ ከመርሳና ከወልድያ ብዙ ቤተሰብ ወደ ላሊበላ ይነሣል። ባለ ካሚዮኑም «ለዘመድ ቦታ አይጠፋም» እያለ ሴቱንና ሕፃኑን ከእህል ጆንያ በላይ ያሳፍራል። ደግነቱን አንነቅፍም። ነገር ግን መኪናው ከወልድያ 2,000 ሜትር ግድም ከፍታ ተነሥቶ፥ የድልብን ጠመዝማዛ ዳገት አልፎ፥ ጋሸና 3,000 ሜትር ገደማ ሲደርስ ብርዱ ጣት ያደነዝዛል፤ ልጁ ደግሞ የሚይዘው የጭነቱን ገመድ ብቻ ነው።

እኔም በልጅነቴ በዚያ ጆንያ ላይ ሄጃለሁ፤ እናቴ በመቀነቷ ከወገቧ ጋር አስራኝ ነበር። ደስታው እስከ ዛሬ አይረሳኝም። የእናቴን ፊት ያስተዋልሁት ግን ስንወርድ ነው።

እንግዲህ ባለ ካሚዮን ሆይ፥ ጋቢናው ሦስት ሰው የሚይዝ እንደሆነ ሦስቱን ይዘህ ሂድ፤ የቀሩትን በአውቶቡስ ላካቸው። ቁልቁለቱንም በከባድ ማርሽ ውረድ፤ ፍሬን ሲግል መያዝ ይተዋልና።