የደብረ ሊባኖስ ጉብኝት የሚያልፈው ሥፍራ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሱሉልታ በኩል ወደ ደብረ ሊባኖስ የሚደረገው የአንድ ቀን ጉብኝት አስጎብኚ ድርጅቶች አዘውትረው ከሚያቀርቧቸው አንዱ ነው። መርሐ ግብሩም ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፦ ገዳሙ፣ የጀማ ሸለቆ፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎች፣ «የፖርቱጋል ድልድይ»። (ድልድዩን ያሠሩት ራስ ዳርጌ እንደሆኑ በሰፊው ቢነገርም ስሙ አልተለወጠም።) በግንቦት 1929 ዓ.ም. የገዳሙ መነኮሳት የተረሸኑበት ላጋ ወልዴ ግን በዝርዝሩ ውስጥ እምብዛም አይገኝም። ጎብኚው ስለ ጭፍጨፋው በገዳሙ ቅጥር ቆሞ በጥቂት ዐረፍተ ነገር ይሰማል፤ ወደ ተፈጸመበት ቦታ አይደርስም።

አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩ በኋላ የፋሽስቱ አስተዳደር ገዳሙን በተባባሪነት ወነጀለ። የጄኔራል ማሌቲ ጦር የገደለውን ሰው ብዛት በተመለከተ ሁለት በጣም የተራራቁ ቁጥሮች አሉ። ግራዚያኒ ለሮም ያሳወቀው 297 መነኮሳትና 23 ሌሎች ሰዎችን ሲሆን፣ ቆይቶ 129 ዲያቆናት ተጨምረዋል። ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ የዓይን ምስክሮችን ቃል ጭምር መርምረው የደረሱበት ግምት ግን ከ1,423 እስከ 2,033 ነው። ግንቦት 12 የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የፍልሰተ ዐፅም በዓል በመሆኑ ገዳሙ ከሩቅ በመጡ ምእመናን ተሞልቶ እንደነበር መዘንጋት አይገባም። አንዱን ቁጥር ብቻ፣ ያውም ምንጩን ሳይጠቅስ የሚናገር አስጎብኚ ለጎብኚው የሚያደርሰው የታሪኩን ግማሽ ነው።

ደግሞም ጭፍጨፋው በአንድ መንገድ አልተወሰነም። ዲያቆናቱ የተገደሉት በደብረ ብርሃን አቅራቢያ በእንገጫ ነው። ወደዚያ የሚወስደው አውራ ጎዳና ደግሞ ዛሬ በመጠጥ ውኃ ግድቧ ብቻ በምትታወቀው ለገዳዲ በኩል ያልፋል። (ለገዳዲና ላጋ ወልዴ ስማቸው የሚጀምረው ወንዝ ማለት በሆነው በአንድ የኦሮምኛ ቃል ነው።) ስለዚህ ጉብኝቱ ከስድስት ኪሎው የየካቲት 12 ሐውልት ተነሥቶ አንድ ቀን በሱሉልታ፣ ሌላ ቀን በለገዳዲ በኩል ቢደረግ፣ የመንገዱ ቅደም ተከተል ራሱ ከአዲስ አበባው ጥቃት ተነሥቶ እስከ ዲያቆናቱ ግድያ ያለውን ታሪክ ይተርካል።

በፐርል ሃርበር የሰመጠችውን የአሪዞና የጦር መርከብ መታሰቢያ የሚጎበኝ ሰው መታሰቢያው ላይ ሲደርስ በመርከቧ የሞቱትን 1,177 ሰዎች ስም በእብነ በረድ ተቀርጾ ያገኛል። ጎብኚው የሚያየው ውኃና የዛገ ብረት ቢሆንም የት እንደቆመ ያውቃል። ላጋ ወልዴን የመሰለ ሜዳ ደግሞ ያለ ገለጻ ሜዳ ብቻ ነው።

የጎብኚ ብዛት የገዳሙን ጸጥታ ያውካል የሚለው ስጋት ተገቢ ነው፤ ሆኖም የግድያው ሥፍራ ከገዳሙ ውጭ ነው። ከዚህ የከበደው ጥያቄ ሌላ ነው። ማሌቲ ለግድያው ሆን ብሎ የመረጠው ሙስሊም ወታደሮች የነበሩበትን የቅኝ ግዛት ሻለቃ ነበር። አስጎብኚው ትእዛዙ ከማን እንደመጣ አስቀድሞ ካልተናገረ፣ የፋሽስት መንግሥት ወንጀል የሃይማኖት ጠብ መስሎ ይሰማል። የግራዚያኒ ቴሌግራሞች ስለተረፉ ይህን በሰነድ ማስረዳት አያዳግትም።