አዳማ ላይ ሳር ከምናጠጣ ሴደም እንትከል

ይሄን የምጽፈው ግቢያቸውን አረንጓዴ ለማድረግ ለሚያስቡ የአዳማ፣ የሞጆ፣ የመተሐራና የባቱ ወዳጆቼ ነው። ሐሳቤን ባጭሩ ልናገር፤ በእኛ አየር፣ ሰው የማይረግጠውን ቦታ ሁሉ ሳር ማልበስ ውሃ ማባከን ነው። እዚያ ቦታ ላይ መሬት ለመሬት የሚሳበውን ሴደም እንትከል።

ሴደም ምንድነው ለምትሉ፦ ቅጠሉ ትንንሽና ወፍራም የሆነ፣ ቁመቱ ከስንዝር የማያልፍ፣ እየተሳበ መሬቱን እንደ ምንጣፍ የሚሸፍን ተክል ነው። ከእንዳሁላ ጋር አንድ ቤተሰብ ናቸው። ለአገራችንም ባዳ አይደለም፤ ባሌ ተራሮች ላይ አለት ሥር የሚበቅሉ የራሳችን የሴደም ዝርያዎች አሉ።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራ። አንድ ካሬ ሜትር ሳር በበጋ ለምለም ሆኖ እንዲቆይ በቀን 5 ሊትር ገደማ ውሃ ይፈልጋል። 20 ካሬ ሜትር ከሆነ 100 ሊትር። በየቀኑ አምስት ጀሪካን ማለት ነው! ያውም ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት፣ ሰው ሮቶ ሞልቶ በሚጠባበቅበት፣ ቧንቧ የሌለው ደግሞ ጀሪካን በጋሪ በሚያስጭንበት ከተማ። ይሄ ውሃ እኮ ከአዋሽ ተስቦ፣ ተጣርቶ፣ በፓምፕ ተገፍቶ የመጣ ነው። የጉድጓድ ውሃ እንጠቀም እንዳንል ፍሎራይድ አለ፤ ጥርስ ላይ ምን እንደሚያደርግ ወንጂ ያደጋችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እንዲህ ተደክሞበት የመጣን ውሃ ለሳር ማፍሰስ ለእኔ አይዋጥልኝም።

ባዮሎጂ ያስተማርኳችሁ ልጆች ካም የምትባለዋን ነገር ታስታውሳላችሁ። አብዛኛው ተክል ስቶማታውን ቀን ከፍቶ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲያስገባ ውሃው አብሮ ይተናል። እነ ሴደም ግን ውሃ ሲያጥራቸው ቀን ዘግተው ማታ ይከፍታሉ። ማታ ያስገቡትን በአሲድ መልክ አስቀምጠው፣ ሲነጋ በፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠሩበታል። "የክራሱላሴ አሲድ ሜታቦሊዝም" የተባለውም ክራሱላሴ የዚሁ የሴደም ቤተሰብ ስም ስለሆነ ነው። ለፈተና ሸምድደን ያለፍነው ነገር ደጃችን ላይ ሊጠቅመን ይችላል ማለት ነው።

"አፈራችን መጥፎ ነው" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። ለሴደም ግን የሚስማማው ይኸው ነው። ብሎኬት የምንሠራበት ፑሚስና ቀይ አሸዋ ውሃ አያቁርም፤ ሴደም ደግሞ የሚጠላው ሥሩ ውሃ ውስጥ መቆየቱን ነው። አሜሪካ ውስጥ ዲርቦርን ያለው የፎርድ መኪና ፋብሪካ ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ ጣሪያውን በሴደም ሸፍኖታል። ጣሪያ ላይ፣ ጥቂት ሳንቲ ሜትር በሆነ አፈር የኖረ ተክል አዳማ መሬት ላይ ያቅተዋል? ንፋሳችንንም ታውቁታላችሁ፤ 136 ተርባይን አስተክሎ 204 ሜጋዋት የሚያመነጭ ንፋስ ነው። ባዶ የተተወ መሬት አቧራው ወደ ሳሎናችን ነው የሚገባው። የተሸፈነ መሬት አቧራውን ይይዛል፤ ክረምት ላይም ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ አፈሩን እንደልቡ አያጥበውም።

አተካከሉ ቀላል ነው። ከጎረቤት ላይ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ቁረጡ። አንድ ሁለት ቀን ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፤ የተቆረጠው ጫፍ ይድረቅ። ከዚያ በስንዝር ልዩነት መሬት ውስጥ ሰካ ሰካ ማድረግ ነው። ክረምቱ ሲወጣ፣ ነሐሴ መጨረሻና መስከረም ላይ ብትተክሉት በጋው ሳይጠና ሥር ይይዛል። የመጀመሪያውን ወር በሳምንት ሁለቴ ትንሽ ትንሽ አጠጡት፤ ከዚያ በኋላ በሁለት በሦስት ሳምንት አንዴ ይበቃዋል። መተሐራ ያላችሁ የከሰዓት ጥላ ያለበት ቦታ ምረጡለት፤ የእናንተ ፀሐይ ሌላ ነው።

ጉዳቱንም ልንገራችሁ። መረገጥ አይወድም። ልጆች ኳስ የሚጫወቱበት ቦታ ላይ እንዳትሞክሩት፤ እዚያ ሰርዶ ይሻላል። ሰርዶ በበጋ ቢደርቅም ዝናብ ሲመጣ ራሱ ይነሳል። ሴደም እስኪገጥም ድረስ ደግሞ አረሙን በእጅ መንቀል አለባችሁ፤ ትንሽ ወራት ትዕግሥት ይፈልጋል።

ከተሞቻችን መንገድ ዳሩን አረንጓዴ እያለበሱ ነው፤ ደስ ይላል። እኔ ግን አዲስ የተነጠፈ ሳር ባየሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ ይመጣብኛል፦ የካቲት ላይ ማን ያጠጣዋል? ሲመረቅ ፎቶ የተነሳንበት ሳር በበጋ ቢጫ ሲሆን ገንዘቡም ድካሙም አብሮ ይደርቃል። ቢጫ እንዳይሆን ካልን ደግሞ ለአንዲት እናት የሚደርሰውን ጀሪካን ለሳር እየሰጠን ነው። አረንጓዴ መውደዳችን ጥሩ ሆኖ ሳለ፣ የምንወደው ነገር የጎረቤትን ውሃ የማይሻማ ይሁን።

የቦታው ባለሙያ የሆናችሁ ተማሪዎቼ ይሄን ነገር ዲዛይን ስትሠሩ አስቡበት። እዚሁ አዳማ ያላችሁና መሞከር የምትፈልጉ ደግሞ ብቅ በሉ፣ ከግቢዬ ቁራጭ እሰጣችኋለሁ። በነጻ ነው፤ እናንተም ሲበዛላችሁ ለሌላ ስጡ።