ሹራብ ምን በደለ?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላሉ አበው። ዘንድሮ ግን ስም አውጪው ባለ ቡቲኩ ሆኗል!

ባለፈው ክረምት እናቴ በእጇ የሠራቻቸውን ሦስት ሹራቦች ይዤ ወደ አንድ የልብስ መደብር ጎራ አልኩ። ባለቤቱ ገለጥ ገለጥ አድርጎ ካያቸው በኋላ «ሥራውስ ደኅና ነበር፤ ግን ሹራብ ማን ይገዛል?» ብሎ በግማሽ ዋጋ ተቀበለኝ። በሳምንቱ በዚያው ሳልፍ እነዚያው ሹራቦች «ስዌተር» የሚል ወረቀት ተለጥፎባቸው፣ ለእኔ በከፈለው አራት እጥፍ ተሰቅለዋል። ገብቼ ብጠይቀው ሳቀ። «ወንድሜ፣ ሹራብም እኮ የዓረብ ቃል ነው። ባዕዱን በባዕድ ብንለውጠው ምን ጎደለ?»

መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው። እርግጥ ነው፣ ቃሉ ከዓረብኛ መጥቷል። ዓረቦቹም ከፋርሶች ነው የወሰዱት። ነገር ግን ካይሮ ወይም ካርቱም ሱቅ ገብታችሁ ሹራብ ብትሉ የሚወጣላችሁ ካልሲ ነው። ቱርኮችም «ቾራፕ» የሚሉት ካልሲን ነው። በእነዚህ አገሮች ሁሉ ከእግር ያላለፈው ቃል እኛ ዘንድ ሲደርስ ደረት ላይ ወጣ! እግር ላይ ለሚቀረው «የእግር ሹራብ» አልነው፤ ኋላም ከጣሊያን «ካልሲ»ን አመጣን። «ማሊያ»ም በጣሊያንኛ የሹራብ ሥራ መጠሪያ ነው፤ እኛም እንደ ጣሊያኖቹ ለኳስ ተጫዋቹ አለበስነው።

መዋስ ማለት እንዲህ ነው። የሸማኔው ቤት ድርና ማግ፣ መወርወሪያና ቃሻ አለው፤ ስም አልቸገረውም። ሹራብ ግን አይሸመንም። አንዱ ክር በራሱ ላይ እየዞረ፣ ቀለበት በቀለበት እየተያያዘ የሚሠራ ሌላ ጥበብ ነው። ቃሉ የገባው ይህ ጥበብ ስም ሲያጣ ነው። ሥራ አገኘ፣ ቤተሰብም አፈራ፤ የሹራብ ክር፣ ሹራብ ሠሪ፣ ሹራብ ለባሽ እያልን ኖርን።

ለመሆኑ «ስዌተር» የሞላው ክፍተት የቱ ነው? የባለሱቁ ኪስ ካልሆነ በቀር ምንም! ክሩ ያው፣ እጁ ያው፣ ብርዱም ያው። የተለወጠው ዋጋው ብቻ ነው። የዋጋው ልዩነትም ለሠሪዋ አልደረሰም። የእናቴ ጣቶች «ሹራብ» ሲሆኑ ረከሱ፣ «ስዌተር» ሲሆኑ ከበሩ። እኔን ያንገበገበኝ የቃሉ ዘር አይደለም፤ ይህ ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ብርዱ ሲጠና ሱቅ ገብታችሁ «ሹራብ አለ?» በሉ። «የለም» ካሏችሁ ወደ ተሰቀለው ጠቁማችሁ «ታዲያ ያ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁልኝ።