«ያድግበታል» አትበሉኝ

ጫማ ስንገዛ «ያድግበታል» እንላለን። የእንቁጣጣሽ ልብስም ስንገዛ ያው ነው፤ እጅጌው ይታጠፋል፣ ሱሪው ይቀለበሳል፣ በዓመቱ ልጁ ይሞላዋል። እኔም ያደግኩት እንደዚህ ነው፣ ልጆቼንም ያሳደግኩት እንደዚህ ነው። ጠመንጃ ግን አይታጠፍም። እዚህ ሚኔሶታ፣ ልጆች ኢላማ በሚለማመዱበት ሜዳ ቅዳሜ ቅዳሜ በበጎ ፈቃድ ማገልገል ከጀመርኩ ወዲህ፣ ይህን ቃል ከሐበሻ አባት አፍ በሰማሁ ቁጥር ደሜ ይፈላል።

ባለፈው ሰመር አንድ አባት የዘጠኝ ዓመት ልጁን ይዞ መጣ። የገዛለት ለትልቅ ሰው የተሠራ፣ ትዌንቲ ቱ (.22) የሚባለውን ትንሽ ጥይት የሚተኩስ ሴሚ-አውቶማቲክ ጠመንጃ ነው። ላዩ ላይ የልጁን ክንድ የሚያህል ቴሌስኮፕ ታስሯል፣ ሥሩ 25 ጥይት የሚይዝ ካርታ ተሰክቷል። ልጁ ሰደፉን ትከሻው ላይ ማሳረፍ ቢያቅተው ብብቱ ሥር ወተፈው። አፈሙዙ ስለከበደው ወገቡን ወደ ኋላ ለጠጠ። ዓይኑ ቴሌስኮፑ ዘንድ አልደርስ ስላለው አንገቱን አሰገገ። አባትዬው ስልኩን አውጥቶ እየቀረጸ «በለው! የጀግና ልጅ!» ይላል። አሥር ጥይት ያህል ወጣ፤ ወረቀቱ ላይ አንድም ቀዳዳ የለም። አሥራ አንደኛዋ እምቢ አለች። ልጁም ማንኛውም ልጅ የሚያደርገውን አደረገ፤ «ዳዲ፣ ቆመ!» ብሎ ዞረ። አፈሙዙም አብሮት ዞረ።

በርሜሉን በእጄ ይዤ ወደ ሜዳው መለስኩት። ያልፈነዳች ጥይት ዘግይታ ልትፈነዳ ትችላለች፤ ካርታው ውስጥ ደግሞ ገና ሌሎች ነበሩ። አባትዬው ግን የተቆጣው እኔን ነው። «ምን ሆንክ? ይለምደዋል። ያድግበታል» አለኝ።

ይህች ጥይት ለምን እምቢ እንደምትል ብዙ ገዢ አያውቅም። የትልልቆቹ ጥይቶች ማቀጣጠያ መሀላቸው ላይ፣ ራሱን በቻለ ትንሽ ቆብ ውስጥ ነው ያለው። የትዌንቲ ቱ ግን በቀለሁ ጠርዝ ውስጥ ዙሪያውን የተቀባ ነው፤ መቺው ጠርዙን ሲጨፈልቀው ይቀጣጠላል። ርካሽ የሆነችው፣ ቀለሁም ዳግመኛ የማይሞላው በዚህ ምክንያት ነው። ማቀጣጠያው መቺው በሚያርፍበት ቦታ ላይ ከሳሳ ደግሞ ልትከሽፍ ትችላለች። ስለዚህ ጥያቄው ትከሽፋለች ወይ አይደለም፤ ስትከሽፍ ልጁ እጅ ላይ ያለው ምን ዓይነት ጠመንጃ ነው የሚለው ነው። በእጅ አንድ በአንድ የሚጎርስ ከሆነ ሌላ ጥይት የለም። ልጁ አፈሙዙን ወደ ኢላማው እንዳደረገ ይቆያል፣ አሠልጣኙ ያወጣለታል፣ አለቀ።

ለምን ይህን ያህል እንደምቆጣ ልንገራችሁ። ጎጃም፣ አያቴ ቤት፣ እኔም ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። አጎቴ ምንሽሩን አሸከመኝና «ተኩስ» አለኝ። ሰደፉ ትከሻዬን አጠቆረው፤ ሳምንት ሙሉ እጄን ማንሳት አቃተኝ። አጎቴ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ወንድ ሊያደርገኝ ነበር። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ጣቴ ቃታ በነካ ቁጥር ዓይኔ በራሱ ይጨፈን ነበር። ከሃያ ዓመት በኋላ እዚህ አገር አንዲት አሠልጣኝ ይህን ልማድ ልታስለቅቀኝ ወራት ፈጀባት። በትንሽ ጠመንጃ፣ በአምስት አምስት ጥይት፣ በትዕግሥት አስለቀቀችኝ። የዚያ አባት ልጅ መሬት መሬት ሲያይ ያየሁት ራሴን ነው።

እኛ ዘንድ ጠመንጃ ክብር ነው፤ ይወረሳል፣ በሠርግና በለቅሶ ይተኮሳል። ስለዚህ ለልጅ የተሠራችውን፣ አንድ ጥይት ብቻ የምትጎርሰውን አጭር ጠመንጃ ሳሳያቸው አባቶች ፊታቸውን ያጠቁራሉ። «ይህችማ መጫወቻ ናት» ይሉኛል። መጫወቻ? የኦሎምፒክ ተኳሾች በ50 ሜትር የሚወዳደሩት በዚችው እ.ኤ.አ. በ1887 በተፈለሰፈች የትዌንቲ ቱ ጥይት ነው፤ የሚያጎርሱትም አንድ በአንድ ነው። ሊመቱት የሚታገሉት የመሀሉ አሥር ነጥብ ስፋት 10.4 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው። በዓለም አደባባይ የሚቆም ሰው አንድ ጥይት ከበቃው፣ የሦስተኛ ክፍል ልጅ በ25 ምን ያደርጋል? ደግሞስ 2.6 ግራም የምትመዝን እርሳስ ከአንድ ማይል በላይ የምትሄድ ከሆነ መጫወቻ ናት የሚላት ማነው?

ሴሚ-አውቶማቲኩን ሩገር 10/22ን አልጠላም። እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ግሩም ጠመንጃ ነው፤ እኔም አለኝ። ግን ለመጀመሪያ አይሆንም። ከቃታው እስከ ሰደፉ ጫፍ ያለው ርቀት ለትልቅ ሰው በተሠራ ጠመንጃ 34 ሴንቲ ሜትር ግድም ነው። ለልጅ ተብሎ የተሠራው ሳቬጅ ራስካል 29 እንኳ አይሞላም፤ ክብደቱም ከአንድ ኪሎ ተኩል በታች ነው። ይህች የአምስት ሴንቲ ሜትር ልዩነት ናት ልጁን ብብቱ ሥር የምታስወትፈው። ክሪኬት የሚባለውም በመጠን ይመሳሰላል፤ እጀታውን ከዘጉ በኋላ ኋላው ላይ ያለውን ጉጥ ለይቶ በጣት መሳብ ይጠይቃል። አንዳንዶች ይህንን ለደኅንነት ይወዱታል። እኔ ግን ልጆች ጣታቸው ደክሞ ጉጡ ሲያመልጣቸው ስላየሁ ራስካልን እመርጣለሁ።

ሱቅ ስትሄዱ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ። ጠመንጃው ባዶ መሆኑን በዓይናችሁም በጣታችሁም አረጋግጡ። ከዚያ ልጁ ክርኑን አጥፎ ሰደፉን ክርኑ እጥፋት ላይ ያሳርፍ፤ የጣቱ ጫፍ ሳይንጠራራ ቃታው ላይ ካልደረሰ ጠመንጃው የእሱ አይደለም። ቴሌስኮፑን እርሱት፤ በተራው የብረት ማነጣጠሪያ ይጀምር። ሲያነጣጥር የትኛው ዓይኑ አለቃ እንደሆነም ቤት ውስጥ ለዩ። እጆቹን ዘርግቶ በመዳፎቹ መሀል በተከፈተች ትንሽ ቀዳዳ ሩቅ ያለ ነገር ይይ፤ አንድ ዓይኑን ሲጨፍን ነገሩ ከጠፋበት፣ አለቃው የጨፈነው ዓይን ነው። ቀኝ እጁ፣ ግራ ዓይኑ አለቃ የሆነ ልጅ ይህ ሳይታወቅለት ሰነፍ ተብሎ ሲሰደብ ሰምቻለሁ።

ከቴሌስኮፑ በተረፈው ገንዘብ የጆሮ መከላከያ፣ መነጽርና ጥይት ግዙ። ሳሙናም አትርሱ። እኛ በእጃችን የምንበላ ሰዎች ነን። ልጁ ጥይት ሲነካካ ውሎ፣ እጁ እርሳስ እንደነካ እናቱ ካመጣችው እንጀራ ሊቆርስ ሲል ስንቴ እጁን ይዣለሁ! እርሳስ የልጅ አእምሮ ይጎዳል።

ከሁሉ በፊት ግን የሚቆለፍ ሣጥን። ኤፕሪል 30 ቀን 2013 ኬንታኪ ውስጥ አንድ የአምስት ዓመት ልጅ የሁለት ዓመት እኅቱን ተኩሶ ገደለ። ጠመንጃው ለእሱ የተሰጠ ስጦታ ነበር፤ ቤት ውስጥ ጥግ ላይ ቆሞ ይቀመጥ ነበር፤ ውስጡ ጥይት እንደቀረ ማንም አላወቀም። እናትየዋ ለአፍታ ወደ ውጭ ወጥታ ነበር። ያ ጠመንጃ እኔ ከላይ ሳሞግሰው የቆየሁት ዓይነት ነው፤ አጭር፣ ቀላል፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ። ስለዚህ «ጋሼ፣ አንተ ያልከኝን ገዛሁ» ብሎ ቁም ሣጥን ጀርባ ለሚያስደግፍ አባት መልስ የለኝም። የተጫነ ጠመንጃ ልጅ ሊያገኘው በሚችልበት ቦታ መተው በሚኔሶታ ሕግ ወንጀል ነው፤ ሕግ ባይኖርስ? ጥይቱ ለብቻው ይቆለፍ፣ ጠመንጃው ለብቻው ይቆለፍ፣ ቁልፉ አባት ወይም እናት ኪስ ውስጥ ይደር። ልጁ ስሙ የተጻፈበትን ጠመንጃ ያለ አዋቂ አይነካም። ይህ የሚከብደው አባት ገና ጠመንጃ ለመግዛት አልደረሰም።

ገና ያልገዛችሁ፣ ቅዳሜ ጠዋት ልጃችሁን ይዛችሁ ኑ። ክለባችን ሦስት አጫጭር ጠመንጃዎች አሉት፣ አንዱ ለግራኝ የተሠራ ነው። ጥይቱ ከእኔ። ያን ዕለት ተቆጥተኸኝ ጠመንጃህን ይዘህ መኪናህ ውስጥ የተቀመጥከው ወንድሜ፣ አንተም ና። ልጅህ አንተ በሌለህበት በክለቡ ጠመንጃ አምስት ጥይት ተኩሶ ነበር፤ ሦስቱ ወረቀቱን አግኝተዋል። ልሰጥህ ስወጣ ሄደሃል። ወረቀቱ እኔ ጋ ነው።