ጥቆማውን ማን ይቀበለው?

በጦር ሠራዊት ውስጥ የተፈጸመ በደል ያጋለጠ ወታደር በተነሣ ቁጥር ክርክሩ ወዲያው ሰውየው ጀግና ነው ወይስ ከሃዲ ወደሚለው ይዞራል። እኔ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ጥቆማውን የሚቀበለው ማን እንደሆነ ነው እላለሁ። የአሜሪካ ወታደሮች በቬትናም ሚ ላይ መንደር የፈጸሙት ግፍ ይህን ያሳያል። እ.ኤ.አ. ማርች 16 ቀን 1968 የሄሊኮፕተር አብራሪው ሂዩ ቶምፕሰን ሴቶች፣ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ሲገደሉ አይቶ በዚያው ዕለት ለአለቆቹ አመለከተ። ደንቡ የሚለውን አደረገ ማለት ነው። ጉዳዩን የማጣራት ኃላፊነት የተሰጠው ግን ለብርጌዱ አዛዥ ለኮሎኔል ኦራን ሄንደርሰን ነበር። ገዳዮቹ የእሱ ጦር ናቸው፤ እሱም በዕለቱ በአካባቢው ሰማይ ላይ ነበረ። በቀጣዩ ወር ያቀረበው ሪፖርት 20 ሲቪሎች በመድፍና በተኩስ ልውውጥ መሐል ሳይታሰብ ሞቱ አለ፤ የበላዮቹም ተቀበሉት። የአሜሪካ ጦር ኋላ ያመነው ቁጥር 347 ሲሆን የቬትናም መንግሥት 504 ይላል። ጥፋቱን በሄንደርሰን ጠባይ አሳብቦ ማለፍ ይቻላል። ነገር ግን ጦሩ ባጠፋ ቁጥር የራሱም ማዕረግ አብሮ የሚነካበትን ሰው መርማሪ ያደረገ አሠራር፣ ደግ አዛዥ ቢያገኝም ከዚህ የተሻለ ውጤት ይሰጣል ብዬ አላምንም።

ጉዳዩ ነፍስ የዘራው ከዓመት በኋላ፣ ከሠራዊቱ የተሰናበተው ሮን ራይደንሃወር ለፕሬዚዳንቱ፣ ለፔንታጎንና ለኮንግረስ አባላት ደብዳቤ ሲልክ ነው። ምርመራውም ከብርጌዱ እጅ ወጥቶ ለሠራዊቱ ዋና ኢንስፔክተር ቢሮ ተሰጠ።

«ወታደር አለቃውን እየዘለለ ከከሰሰ ሥነ ሥርዓት ይፈርሳል፤ ምስጢርም ይባክናል» የሚሉ አሉ። የምስጢሩ ስጋት ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ ራይደንሃወር የጻፈው ለጋዜጣ አልነበረም፤ መቶ አለቃ ዊልያም ካሊ በግድያው የተከሰሰው በሴፕቴምበር 1969 ሲሆን ጉዳዩን ለሕዝብ ያወጣው የጋዜጠኛው የሲይሞር ኸርሽ ዘገባ የወጣው በኖቬምበር ነው። ሰሚ ያለው ጥቆማ አደባባይ ሳይወጣ ምርመራ ማስጀመር ይችላል ማለት ነው። «አሉባልታ ቢሆንስ?» የሚለው ሥጋትም አለ። ራይደንሃወር ራሱ በቦታው አልነበረም፤ የጻፈው ከነበሩት የሰማውን ነው። ታዲያ እመኑኝ ሳይሆን መርምሩ ነው ያለው። ሐሰት ቢሆን ኖሮ ሐሰትነቱን የሚገልጠውም ይኸው ምርመራ ነበር። ሥነ ሥርዓትን በተመለከተ ደግሞ፣ ያፈረሰው የተኮሰው ነው እንጂ የተናገረው አይደለም።

በሌላ በኩል ከብርጌዱ ውጭ ያለ ሰሚ ብቻውን ፍትሕ አያመጣም። ሽፋን ሰጥተዋል ተብለው ከተከሰሱት መኮንኖች አንዱ ሄንደርሰን ሲሆን በ1971 በነፃ ተለቀቀ። በግድያው የተፈረደበት ካሊ ብቻ ነው፤ የዕድሜ ልክ ፍርዱም ሦስት ዓመት ተኩል ገደማ በሆነ የቁም እስር አበቃ። ቶምፕሰን ሜዳሊያውን ያገኘው በ1998 ነው፤ አለቆቹ ግን ነገሩን ከእሱ አፍ የሰሙት ግድያው በተፈጸመበት ዕለት ነበር።